ማደግ እምቢ ያለው ልጅ ቢቸና መጣ

እታለም ስልክ የምትደውልልኝ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ። ከእነዚህ ውጪ ከደወለች አንድም ሰው ሞቷል፣ አንድም ጣራው እያፈሰሰ ነው። እናም በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በአዘቦት ቀን፣ ገና በጠዋቱ የቢቸና ቁጥር ስልኬ ላይ ሲመጣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም «ማን ሞተ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተ። ልጅቷ ልትዘልብኝ ነው።»

«ከምን ላይ?»

«ከመድረክ ላይ ነዋ! ዳንስ ነው የሚሉት። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ፊት! ቅዳሜ ነው። ደግሞ ከሞጣ ሽማግሌ እንልካለን ያሉ ሰዎች አሉ። እሑድ ይመጣሉ። አጎት እያላት ብቻዬን ምን ልመልስላቸው? ና በቃ።»

ዘጋችው። እህቴ ስልክ ላይ «ደህና ሁን» የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሳንቲም ይቆጥራል ብላ።

ልጅቷ የእታለም የመጨረሻ ልጅ ናት። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም እሷው ናት። «ስሜን ግን አትጻፍ፣ ጋሼ» ስላለችኝ አልጽፍም።

ዓርብ ጠዋት ተነሣሁ። ዓባይ በረሃን ወርደን ወጥተን፣ ደጀን ላይ ሻይ ጠጥተን፣ የደብረ ማርቆሱን መንገድ ወደ ግራ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ያኔ ከደጀን ወዲያ ያለው ጠጠር መንገድ ነበርና አቧራው ስንደርስ ሁላችንንም አንድ መልክ አስመስሎናል። ቢቸናን ለማያውቃት፣ የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደጀን ወደ ሞጣ የሚሄድ ሁሉ ያልፍባታል። ጤፏ የታወቀ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም ጎረቤቷ ነው። የእኔ እህት ደግሞ ጣሳ በእንጨት ሰክታ በሯ ላይ አቁማ ጠላ ትሸጥባታለች። ትሸጥባት ነበር ማለት አለብኝ፤ አሁን ጉልበቷ ደክሞ ትታዋለች። እኔን ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረኝ ያ ጣሳ ነው።

ቤት ስገባ እናትና ልጅ ተኳርፈዋል። ልጅቷን ወደ ጓሮ ወሰድኳትና «ምንድን ነው የምትሠሩት?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ተረት ነው። አንድ ልጅ አለ፤ ማደግ አይፈልግም። ይበራል። ፒተር ፓን ነው ስሙ።»

«ጴጥሮስ ነው በያ!» አለች እታለም ከውስጥ። ለካ ጆሮዋ እኛው ጋ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ በእኛ ቤት ጴጥሮስ ሆኖ ቀረ።

«አንቺስ ማንን ነሽ?»

«ዌንዲን። ጥላውን የምሰፋለት።»

እታለም በሩ ላይ ብቅ አለች። «እኔ የማውቀው ተረት ጦጣና ነብር ነው። ጥላ ሲሰፋ የምሰማው ገና ዛሬ ነው» አለች፤ ተመልሳ ገባች።

እውነት ለመናገር እኔም ተረቱን በደንብ አላውቀውም ነበር። ፊልሙን በቁንጽል አይቼ የልጆች ቀልድ መስሎኝ አልፌዋለሁ። በኋላ ነው ነገሩን ፈልጌ ያነበብኩት። ጸሐፊው ጄምስ ማቲው ባሪ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። መጀመሪያ ቲያትር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1904 ዲሴምበር 27 ለንደን ላይ ታየ፤ መጽሐፍ የሆነው በ1911 ነው። በ1929 ደግሞ ሰውየው የድርሰቱን ገቢ ለንደን ላለ የሕፃናት ሆስፒታል ሰጥቷል። ይኼ ሁሉ ደግ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የባሪ የራሱ ልጅነት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ዴቪድ በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ በደረሰ አደጋ ሞተ፤ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። እናትየው ከኀዘኗ አልነሣ ስትል ትንሹ ባሪ የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ እንደ እሱ እያፏጨ ፊቷ ይቆም ነበር። የእሷ መጽናኛ ደግሞ የሞተው ልጇ ከእንግዲህ አያድግም፣ ትቷትም አይሄድም የሚል ነበር። ማደግ እምቢ ያለው ልጅ መነሻው ማደግ ያልቻለ ልጅ ነው ማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ጴጥሮስ ከነሙሉ የወተት ጥርሱ ነው፤ አንዱም አልወለቀም። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዳንሱን ይዘው የመጡት ሦስት ወጣቶች ከአዲስ አበባ ነበሩ። የትምህርት ቤቱን የሚኒ ሚዲያና የፀረ ኤድስ ክበብ ልጆች ሰብስበው ለአንድ ወር አሠለጠኗቸው። በዚያ ዘመን የኮንቴምፖራሪ ዳንስ ነገር ከተነሣ አዱኛን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ አዲስ አበባ መጥቶ የጎዳና ልጆችን ሰበሰበና የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» አስጨፈራቸው። ከእነዚያ ውስጥ የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትርን አቋቋሙ። እነዚህ ልጆች ትናንት ሊስትሮ የጠረጉ፣ በረንዳ ያደሩ ናቸው። አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠራ፤ ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋርም ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተ። አዱኛዎች ከአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ጋር ሲሠሩም አይቻለሁ። አንዱ በክራንች፣ አንዱ በዊልቸር፣ አንዱ በሁለት እግሩ፤ ማን ማንን እንደደገፈ ሳይለይ ተጠላልፈው ሲንቀሳቀሱ። የዚያን ቀን እንዳልናገር አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ተወትፎ ነበር።

ቢቸና የመጡት ሦስቱ የአዱኛ ልጆች አልነበሩም፤ በዚያው በተከፈተው መንገድ የመጡ ናቸው። ልጅነት ሳያዩ ያደጉ ሰዎች የከፈቱትን መንገድ ይዞ፣ ማደግ እምቢ ያለ ልጅ ተረት ጎጃም መግባቱ ያኔ አልታየኝም።

«እታለም» አልኳት ማታ፣ «ምኑ ነው የከፋሽ? በሠርግ አትጨፍርም እንዴ? አንቺ ራስሽ እስክስታ ስትመቺ አገር ይቆም የለ?»

«ሠርግ ሌላ። ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሰው ለሰው ነው የሚጨፍር። መድረክ ላይ ግን ሰው እያየሽ… አዝማሪ ነዋ!»

«ደብተራውስ? መቋሚያ ይዞ ሲሸበሽብ፣ ሲዘም ሰው እያየው አይደለም?»

«እሱ እግዜር እያየው ነው» አለች። ጎጃም ተወልዶ መልስ የሚያጣ ሰው የለም። ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ማታ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ከእኔ ቀድማ በር ላይ ቆመች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቴም ልጆቹ በጨለማ ሳይንቀሳቀሱ ጠበቁ። ንግግር የሚባል የለም። ከበሮ፣ አንድ ዋሽንት፣ የእግር ኮቴና ትንፋሽ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ሰው ግራ ገባው። «ተጀመረ ወይስ እያሟሟቁ ነው?» አለ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ።

ቀጥሎ ጴጥሮስ በረረ። ለንደን ላይ ልጁን በሽቦ አንጠልጥለው ነው የሚያበሩት። እዚህ ሽቦ የለም። ልጁ እግሩን ከመሬት አላነሣም፤ ትከሻውን ብቻ ለቀቀው። በመጀመሪያ አንዱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ቀስ እያለ አንገትና ደረቱ ገቡበት። በእስክስታ በረረ! አዳራሹ ጮኸ። የአዲስ አበባዎቹ ልጆቻችንን መብረር ሊያስተምሩ መጥተው ትከሻ ተምረው ሳይመለሱ አልቀሩም።

አዞውም መጣ። በተረቱ ውስጥ የባሕር ወንበዴውን እጅ የበላ፣ ሰዓትም የዋጠ አዞ አለ፤ ሆዱ ውስጥ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ነው የሚሄደው። አራት ልጆች ጆንያ ደርበው በደረታቸው እየተሳቡ ከበሮው ቀስ ብሎ ድም… ድም… አለ። አዞ ለእኛ ተረት አይደለም፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ አለ። ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ብድግ ብለው «ሽሽ ልጄ! ሽሽ!» አሉ። ከዚያ በኋላ «ተጀመረ ወይ» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

የጠፉት ልጆች ሲገቡ ደግሞ አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ባሪ እነዚህን ልጆች ሞግዚት ዘወር ስትል ከጋሪያቸው የወደቁ ናቸው ይላቸዋል። ቢቸና ላይ ግን ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ውሻ በዱላ እየተከላከሉ ገቡ። የጠፋ ልጅ ማለት ለእኛ የቆሎ ተማሪ ነዋ! በሰባትና በስምንት ዓመቱ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ ቅኔ ፍለጋ የሚጠፋ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህም ለቅኔ የሚመጣው እዚሁ ጎረቤት ዲማ ነው፤ ሐዲስ ራሳቸውም የተማሩበት ደብር ነው። በዛብህ ገና በልጅነቱ ወላጆቹ በስለት የሰጡት ልጅ ነው። ማደግ ትወዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም፤ ምን ሆኖ እንደሚያድግ ተወስኖለት ነበር። እኛ አገር የማደግ ተረት ከተባለ እንግዲህ ይኼ ነው።

ባሪ ከጠፉት መካከል ሴት ለምን እንደሌለች ሲያስረዳ፣ ሴቶች ብልሆች ስለሆኑ ከጋሪ አይወድቁም ይላል። ነገሩ ምስጋና ነው። የእኛዎቹም ከጋሪ አይወድቁም፤ በበቅሎ ተጭነው ነው የሚሄዱት።

ወደ ዌንዲ ልምጣ። የእህቴ ልጅ መድረኩ መሀል ቁጭ ብላ፣ ጥቁር ጨርቅ የሆነውን የጴጥሮስን ጥላ ከእግሩ ጋር ሰፋችለት። ሲያልቅ እሷም ተነሥታ በረረች። ትከሻዋ የእናቷ ነው። ዘወር ብዬ እታለምን አየኋት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ወደማይታደግበት አገር ደረሱ። እዚያ ሲደርሱ ዌንዲ ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ? እናት! ልጆቹ እናት ስለሌላቸው ነው ያመጧት። ታበስላለች፣ ካልሲ ትጠግናለች፣ ታስተኛለች። ተረቱን ስናወራ ሁላችንም የምናወራው ስለሚበረው ልጅ ነው፤ ስለ እሷ ማን ያወራል?

አሠልጣኞቹ ይህን ነገር እንዲህ አድርገው ሠሩት። ዌንዲ መሀል ትቆማለች። ወንዶቹ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ይዞሯታል። አንዱ ባጠገቧ ሲያልፍ የቆሸሸ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጋል። ሌላው እንስራ ያሸክማታል። ሌላው አንቀልባ ያስራል። እሷ መጀመሪያ ከነሸክሟ ትከሻዋን ለማንቀሳቀስ ትሞክራለች። ጋቢው ይወድቃል፤ ታነሣዋለች። እየዞሩ ይጨምሩባታል። መጨረሻ ላይ መድረኩ ሁሉ እየበረረ የእሷ ትከሻ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰው ይስቃል፤ እውነትም ያስቃል፣ እንስራው ሊወድቅ ሲል። እታለም አልሳቀችም።

በመጨረሻም ዌንዲ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጴጥሮስ አብሯት አይቀርም። በየዓመቱ ግን እየመጣ ይወስዳታል፤ ለምን? ቤቱን እንድታጸዳለት! ይኼን የጨመሩት የእኛ ልጆች እንዳይመስላችሁ፤ የባሪ ነው። ጴጥሮስ በመስኮት ገብቶ በሁለት እጁ መጥረጊያ ሲዘረጋላት፣ አዳራሹ ፀጥ ባለበት፣ አጠገቤ አንድ ድምፅ ተነሣ፦

«ዓመቱን ሙሉ ሲበር ከርሞ ቤት ልትጠርግለት ነው!?»

እህቴ ናት። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ፣ ከዚያ አጨበጨቡ። መድረክ ላይ ያለችው ልጅ የእናቷን ድምፅ ለይታለች መሰለኝ፣ መጥረጊያውን ልትቀበል የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቆመ። በልምምዱ ትቀበለው እንደነበር ነግራናለች። የዚያን ቀን አልተቀበለችም። ልጁ መጥረጊያውን ይዞ ግራ እንደተጋባ መብራቱ ጠፋ። ይጠፋ የነበረው በፕሮግራሙ ይሁን በራሱ ጊዜ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ማታ እቤት ጠላ ቀድታልን ቁጭ አልን። ልጅቷ ገና ሞቅታዋ አልበረደም፤ ታወራለች። «ጴጥሮስ እኮ ጋሼ፣ አንድም ጥርሱ አልወለቀም። መጽሐፉ ላይ እንዲያ ነው አሉን። አሠልጣኛችን ሲያስቀው ጥርሱን ሁሉ አሳይ የሚለው ለዚያ ነው።»

እታለም እሳቱን ቆሰቆሰች። «እኔ የፊት ጥርሴ የወለቀው አማቶቼ ቤት ነው» አለች።

ዝም አልን።

«ቆሎ ስበላ። ደሙን ሳይ የምሞት መሰለኝ። ለማን ልናገር? አማቴን እፈራለሁ። እማ ብትኖር ለቁራ ጣራ ላይ ወርውሪው ትለኝ ነበር። ማታ ቀስ ብዬ ወጣሁና ወረወርኩት። ከዚያ ተኝቼ ሳስበው፣ ቁራው እኮ እኔን የሚያውቀኝ በእኛ ቤት ነው። ወዲህ መምጣቴን በምን ያውቃል? አዲሱን ጥርስ እዚያ ቤት ቢጥለውስ? ስል፣ ሳለቅስ አደርኩ።»

ልጅቷ «ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለቻት። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ጠይቄያት የማላውቀውን።

«ስምንት ይሆነኛል። እሱ» አለች በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች፣ «አራቱ ነበር። ከጀርባዬ አውርጄው ነው የሄድኩት።»

የእህቴን ሠርግ አስታውሳለሁ እል ነበር። የማስታውሰው ሥጋውን ነው። ጭፈራውንም፤ የተጨፈረው ለእሷ ነው። እሷ ግን በጭፈራው መሀል እንቅልፍ ወስዷት፣ ሚዜው ተሸክሞ በቅሎ ላይ እንዳወጣት ሰዎች እየሳቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እኔም ስቄ አውቃለሁ። የሚያዝለኝ ስላጣሁ ብዙ ቀን አለቀስኩ አሉ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ከባሏ ቤት ጠፍታ ቢቸና ገባች፣ ሰው ቤት ሠራች፣ ጠላ ጠመቀች፣ እኔን ከገጠር አምጥታ አስተማረች። እኔ ኳስ ስጫወት ማን ውኃ ይቀዳ እንደነበር አስቤ አላውቅም። ከመድረኩ ላይ ዌንዲን ከሚዞሩት ልጆች አንዱ ነበርኩ፤ ጋቢውን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ሕግ አልነበረም እንዳትሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት እንዳታገባ ይከለክላል። እታለም ስትዳር 1964 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ ራሱ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ከእሷ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ዕድሜውን አሥራ ስምንት አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን አወጣ፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ያስቀጣል፤ ልጅቷ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት እስራት። ይህን ሁሉ ያን ሌሊት ሳሰላስል አደርኩ። ለእሑዱ ሽማግሌዎች ላነብላቸው ነበር ሐሳቤ።

ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ ከሞጣ፣ አንዱ የእኛው ጎረቤት፤ መቼም ያለ አገናኝ አይሆንም። ወግ ነውና እኛም በወጉ ተቀበልናቸው፤ እነሱም ቆመው ጀመሩ። ልጁ ነጋዴ ነው፣ ቤት አለው፣ ብትፈልግ ሞጣ ላይ ትማርለታለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በልቤ አንቀጽ እየቆጠርኩ ነው።

እታለም ቀደመችኝ። «አባቶቼ፣ ክብር ይስጥልኝ፤ አክብራችሁን መጣችሁ። ልጄ ግን ገና ጥርሷን አልጨረሰችም» አለች።

ተያዩ። ታላቅየው «ጥርሷን? ትናንት መድረክ ላይ ስትስቅ አይተናታል እኮ። ጥርሷ ሙሉ ነው» አሉ።

«አልሞላም» አለች እታለም፤ ጣሳቸውንም ሞላችላቸው። ጠላው ይጣፍጥ ነበር፤ ሁለት ሁለት ጠጡና የከሰዓቱን መኪና ተሳፍረው ወደ ሞጣ ሄዱ።